እርኮትና እንስራ፤ የቆዳ የውኃ መያዣ በኢትዮጵያ ታሪክ

የኢትዮጵያን የጥንት ኑሮ ከመሬት ቈፍረው የሚያወጡ ሊቃውንት ከሁሉ አብልጠው የሚያገኙት ገል ነው። ሸክላ ይሰበራል እንጂ አይጠፋም፤ በአክሱም ዘመን የተሰበረ ገንቦ ዛሬም አፉና እጀታው ተለይቶ፥ ጭቃውና አተኳኰሱ ተመርምሮ፥ ዘመኑ ሊነገር ይችላል። የቆዳ ዕቃ ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ያረጀ ቆዳ ውሻ ይበላዋል፥ ብል ይፈጀዋል፥ ወይም ተተልትሎ ጠፍር ይሆናል፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈውም በክረምት አፈር ውስጥ በስብሶ ይጠፋል። ከዚህም የተነሣ ስለ ውኃ መቅጃና መሸከሚያ የሚጻፈው ታሪክ ሳይታወቅ የእንስራ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል። እንስራ ደግሞ የመንደር ዕቃ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ብቻ የተጻፈ ታሪክ ተቀምጦ የሚኖረውን ሰው ያሳያል እንጂ መንገደኛውን፥ ሲራራ ነጋዴውንና አርብቶ አደሩን አያሳይም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚያስችሉ ምስክሮች ግን አሉ። አንደኛው የቋንቋ ምስክር ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ ስሙ ይቀራልና። ሁለተኛው ጥበቡ ነው፤ ቆዳው የሚገፈፍበት፥ የሚለፋበትና የሚሰፋበት ሥርዓት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯልና። ሦስተኛው መንገዱ ነው፤ ውኃ ሳይያዝ ሊታለፍ የማይቻል በረሓ ሰው ሲመላለስበት ከኖረ፥ ውኃ የተያዘበት ዕቃ እንደ ነበረ ግልጽ ነውና። እነዚህ ሦስቱ እየተረዳዱ ሲታዩ የቆዳ የውኃ መያዣ በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ የነበረው ቦታ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ሆኖ ይገኛል።

ከስሙ እንጀምር ቢባል፥ በግእዝ ከቆዳ የተሠራው የፈሳሽ መያዣ ዝቅ ይባላል። ይህ ስም ከአማርኛው ‹‹ዝቅ አለ›› ጋራ ሊምታታ አይገባም። በቅዱሳት መጻሕፍት ለወይን ጠጅም ሆነ ለሌላ ፈሳሽ የሚያገለግለው ዕቃ ስሙ ይህ ነው፤ አማርኛው በዚያው ስፍራ አቁማዳ ይላል። አማርኛ ለቆዳ ዕቃ የሚሰጠው ስም ግን አንድ ብቻ አይደለም። አቁማዳ ትልቁ ነው፤ እህል ይጫንበታል። ስልቻ ከእርሱ ያንሳል፤ ዱቄትና በሶ ይያዝበታል። ቀልቀሎ ደግሞ ትንሹ ነው። ‹‹ስልቻ ቀልቀሎ፥ ቀልቀሎ ስልቻ›› የሚለው ተረት ሁለቱ ስሞች በአነጋገር እንደሚወራረሱ ያስረዳል፤ ሆኖም ዕቃውን የሚሠራው ሰው መጠናቸውንና አገልግሎታቸውን ይለያል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ለውኃ የተመደበው ስም እርኮት ነው፤ ይኸውም መንገደኛ በትከሻው የሚያነግተው ወይም በጭነት ከብት ላይ የሚያንጠለጥለው ነው።

በዚህ የስሞች ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የደገኛው አማርኛ ለደረቅ ነገር የሚሆነውን የቆዳ ዕቃ እንደ መጠኑ እየከፋፈለ ሲሰይም፥ ለውኃ የሚሆነውን በአንድ ስም ይጠቀልለዋል። በአንጻሩ የሸክላው ወገን እንስራ፥ ገንቦ፥ ጋን፥ ማድጋ እየተባለ ይበዛል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ደገኛው እህሉን በቆዳ፥ ውኃውን በሸክላ የሚይዝ ሰው ነው። እርኮት ለእርሱ ከቤቱ ሲርቅ ብቻ የሚያስፈልገው የመንገድ ዕቃ ነበረ።

የመጻሕፍት ትርጓሜም ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅም ነገር አለው። በግእዙ ዳዊት መዝሙር 118 ቍጥር 83 ባለ መዝሙሩ መከራውን በቆዳ ዕቃ ይመስላል። ዕብራይስጡ በጢስ ውስጥ ያለ አቁማዳ ሲል፥ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ጽርእ የመለሱት በውርጭ ውስጥ ያለ ይላል። ግእዙ ሰብዓ ሊቃናትን ተከትሎ አስሐትያ ብሎ ሲተረጕም፥ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጡን ተከትሎ ጢስ ይላል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ለሃይማኖት ሊቃውንት የሚተው ነው፤ ለዕቃው ታሪክ ግን ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ባዶውን በጎጆ ጣራ ሥር የተሰቀለ ቆዳ ከምድጃ በሚወጣ ጢስ ይጠቍራል፥ ይጨማደዳልም፤ በብርድ የከረመ ቆዳም ደርቆ ይኰማተራል። እንደዚሁም በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል ያረጀና የተጣፈ አቁማዳ ይዘው ቀረቡ። ተንኰሉ የተሳካው የቆዳ ዕቃ የተሄደበትን መንገድ ርዝመት በገላው ላይ የሚያሳይ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጥበቡን መመልከት ያስፈልጋል። ለውኃ ከሁሉ የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው። የበግ ቆዳ ስብ የበዛበትና ሥጋው የላላ ስለ ሆነ በውኃ ክብደት ይሳሳል፤ የፍየል ቆዳ ግን ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። ፍየሉ ከታረደ በኋላ ሆዱ ሳይሰነጠቅ፥ ከኋላ እግሮቹ ጀምሮ ቆዳው እንደሚወልቅ እጀ ጠባብ ወደ አንገቱ ተገልብጦ ይገፈፋል። ገፋፊው ቢላዋውን ከሚገባው በላይ ካሳለፈ ቆዳው ለውኃ የማይሆን ስልቻ ሆኖ ይቀራል። ሥጋና ስቡ ተፍቆ ከተጣለ በኋላ ቆዳው ይነከራል፥ በእጅ ይታሻል፥ በእግርም ይረገጣል። ለማልፊያ እንደ አገሩ የግራር ቅርፊት፥ ቀንጠፋ ወይም የእምቧይ ፍሬ ይገባበታል። በቅርፊቱና በቅጠሉ ውስጥ ያለው የሚያኮማትር ቅመም ከቆዳው ጅማት ጋራ ሲዋሐድ ቆዳው ከመበስበስ ይድናል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ቅርፊት ቅርፊት የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻም የኋላው ክፍት ይሰፋል፥ እግሮቹ በጠፍር ይታሰሩና ማንገቻ ይሆናሉ፤ አንገቱ አፍ ሆኖ ይቀራል። የአንድ ጎልማሳ ፍየል ቆዳ ከ20 እስከ 30 ሊትር ውኃ ሊይዝ ይችላል።

ይህ ዕቃ ከሸክላ የሚለይበት ጠባይ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ውኃው ባለቀ ጊዜ ተጠቅልሎ ከኮርቻ ሥር ይገባል፤ እንስራ ግን ባዶውንም ቢሆን ከባድ ነው፥ ስፍራም ይይዛል። ሁለተኛ፥ ግመል ወይም አህያ ከድንጋይና ከሌላ ጭነት ጋራ ቢጋጭ ቆዳው ይቀበላል እንጂ አይሰበርም፤ ቢቀደድም ቀዳዳው ተጨብጦ በጠፍር ይታሰርና ጕዞው ይቀጥላል። ሦስተኛ፥ ቆዳ ያልበዋል። በቀዳዳዎቹ የሚወጣው ጥቂት ውኃ በነፋስ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ በቆላ ሐሩር የተያዘ ውኃ ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዞ ይጠጣል። ነገር ግን ላቡ ኪሳራም ነው፤ የቀዘቀዘው ውኃ ከጐደለው የተገዛ ነውና። አጭር መንገድ የሚሄድ ቆዳውን እንዲያልበው ይተወዋል። ብዙ ቀን ውኃ የማያገኝ ግን በውጭ በኩል ስብ ቀብቶ ላቡን ይዘጋዋል፤ ለብ ያለ ውኃ መጠጣት ከጥም ይሻላልና።

የቆዳ ዕቃ የበረሓ መንገድ ዕቃ መሆኑን ለመረዳት በመጀመሪያ የማያስፈልግበትን ስፍራ ማየት ይጠቅማል። በደጋው ምንጭና ወንዝ እርስ በርሱ ይቀራረባል፤ ውኃ የሚቀዳውም በሴቶች ጀርባ ነው። ይህ ልማድ በጦር ጊዜ እንኳ አልተለወጠም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት እቴጌ ጣይቱ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቍስለኛው ውኃ ያደርሱ እንደ ነበር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ጽፈዋል። ከምንጩ እስከ ጦር ሜዳው ያለው ርቀት ሰው በገንቦ ተሸክሞ የሚመላለስበት ነበርና የደጋው ዕቃ ለደጋው ጦርነት በቃ።

ወደ ምሥራቅ ተወርዶ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሞሌ የሚቈረጥበት የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል በታች የሚገኝ፥ በሙቀቱ በዓለም የታወቀ ስፍራ ነው። አሞሌ ለብዙ ዘመናት በደጋው ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። አርሆ የተባሉት የትግራይ ጨው ጫኞች ግመል፥ በቅሎና አህያ እየነዱ በበራሕሌ በኩል ወደዚያ ይወርዱ ነበር። በጨው ሜዳው ላይ የሚጠጣ ውኃ አይገኝም፤ ሠራተኛውም፥ ነጋዴውም የሚጠጣውን ከበላዩ ካለው ሸለቆ በፍየል ቆዳ ሞልቶ ይዞ መውረድ ነበረበት። እንግዲህ በጎንደር ወይም በሸዋ ገበያ የተመነዘረ እያንዳንዱ አሞሌ ከሜዳው ሲወጣ ከጎኑ የውኃ ቆዳ ነበረ ማለት ይቻላል። ስለ አሞሌ ዋጋና ስለ መንገዱ ቀረጥ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ያ ሁሉ ንግድ የተንጠለጠለበት የፍየል ቆዳ ግን በጽሑፍ ላይ እምብዛም አይታይም።

ከውጭ አገር መንገደኞች መካከል ዕቃውን አተኵሮ የተመለከተ የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1771 ዓ.ም. መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል አለፈ፤ በ1772 ዓ.ም. የኑብያን በረሓ አቋርጦ አስዋን ደረሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ዐረቦች ጊርባ ወይም ቂርባ የሚሉትን ትልቅ የውኃ ዕቃ ይገልጻል። ከበሬ ቆዳ የተሠራ፥ ጠርዙ በድርብ ስፌት የተያያዘ፥ ከላዩ አፍ ያለው፥ ውኃው እንዳይወጣና በፀሐይ እንዳይተን ውጩ ስብ የተቀባ መሆኑን ይናገራል። እያንዳንዱ 60 ጋሎን ያህል እንደሚይዝና ሁለቱ ለአንድ ግመል ጭነት እንደሚሆኑም ጨምሮ ጽፏል።

ይህ ምስክርነት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ይጠጋል ቢባል፥ ሁለቱ ቂርባዎች በአንድነት ከ450 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። በረጅም መንገድ ግመል የሚሸከመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ነው። እንግዲህ ቍጥሩ በግምት የተጻፈ ይመስላል። ሆኖም ልኩ በመሳቱ መግለጫው በሙሉ አይጣልም። ድርብ ስፌቱና የተቀባው ስብ በዓይን የታዩ፥ በእጅ የተዳሰሱ ነገሮች ናቸው፤ በሌላ አገርም ከሚታወቀው ጥበብ ጋራ ይስማማሉ። የውኃው መጠን ግን ማንም ሳይሰፍር የተነገረ ነው። የቀድሞ መንገደኞችን ጽሑፍ የሚመረምር ሰው ሁለቱን ዓይነት ቃል መለየት አለበት።

ውኃ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፥ ማድረሻውም እኩል እንደሚያስፈልግ ያሳየ ሌላ ታላቅ ማስረጃ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ያደረገው ዘመቻ ነው። ጦሩ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ዓ.ም. መጨረሻ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ማረፍ ሲጀምር በስፍራው ለብዙ ሺህ ሰውና ከብት የሚበቃ ጣፋጭ ውኃ አልነበረም። የእንፋሎት መርከቦች የባሕሩን ውኃ እያፈሉ ጨው የሌለበት ውኃ አወጡ። ይህ የዘመኑ ታላቅ ብልሃት ነበር፤ ነገር ግን የተጣራው ውኃ ለከብቱ በሚገባ እስኪዳረስ ድረስ ለጭነት ከመጡት በቅሎዎችና ግመሎች ብዙዎቹ በጥም አለቁ። ጦሩ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው የመንገዱን ውኃ ደረጃ በደረጃ ካደራጀ በኋላ ነው። አርሆና የአፋር ባለ ግመል ከብዙ ትውልድ በፊት በፍየል ቆዳና በውኃ ጕድጓድ ዕውቀት የፈቱት ችግር ይኸው ነበር።

የቆዳ ዕቃ ለመንገድ ብቻ ሳይሆን ለውኃ መቅጃም እንደሚያገለግል የሚያስረዳው ከሁሉ የላቀው ምሳሌ በቦረና ይገኛል። ቱላ በመባል የሚታወቁት ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች፥ ከእነርሱም ዱብሉቅና ዌብ፥ በሰው እጅ ከዐለት ተፈልፍለው የተቈፈሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወደ 30 ሜትር ጥልቀት ይደርሳሉ። ወጣቶች በጕድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፥ የሞላውን መቅጃ ወደ ላይ ባዶውን ወደ ታች ይቀባበላሉ፤ የእጃቸውም ስልት በዜማ ይመራል። ይህ መቅጃ ኦኮሌ ይባላል፤ በቀድሞ ጊዜ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር። የቀጭኔ ቆዳ ወፍራምና ግትር ስለ ሆነ በእርጥበት ቅርጹን አይለቅም። ሸክላ በዚህ ሥራ አንድ ቀን አይውልም፤ ከባድ የእንጨት ገበታም የቀጂዎቹን ክንድ ያደክማል። ውኃው ለየመንጋው የሚደርስበት ተራ በአባ ሄረጋ ይጠበቃል። እንግዲህ በጕድጓዱ አፍ የሚታየው ሥርዓት፥ የተራው ሕግና የቀጂዎቹ ማኅበር ሁሉ፥ ከእጅ ወደ እጅ በሚወረወር ቀላል የቆዳ ዕቃ ላይ የቆመ ነበር። ቀጭኔ ከአካባቢው እየጠፋ ሲሄድ ሌላ ቆዳ፥ ኋላም ፕላስቲክ ተተካ።

የዕቃው ታሪክ የሠሪውን ታሪክ ሳይነካ ሊፈጸም አይችልም። በአርብቶ አደሩ ዘንድ ቆዳ ማልፋት ብዙ ጊዜ የቤት ሥራ ነው። በደጋው ግን ለአንድ ወገን የተተወ ሙያ ሆኖ፥ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ይናቅ ነበር። የለፋው ቁርበት አልጋ ሆኖ ሲተኛበት፥ ስልቻው ስንቅ ሆኖ ሲዘመትበት፥ ሠሪው ግን ከማዕድና ከጋብቻ ይርቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛውን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ፋቂም ከተከለከሉት ስድቦች አንዱ ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፥ መሬት ለተነፈጉት የእጅ ሠራተኞችም ሕጉ በር ከፈተ። ይሁን እንጂ ንቀቱ ከአዋጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። የተናቀ ሰው ሥራም ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ስለ ቆዳ ዕቃ የተጻፈው ጥቂት የሆነበት ምክንያት ቆዳው ስለሚበሰብስ ብቻ አይደለም።

በዚህ ረገድ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተገኘ ትምህርት አለ። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ሲሆኑ በጋሞ ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱም ወገኖች በእንጨት እጀታ ላይ በተተከለ ስለታም የድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሊቃውንት ተጠንተዋል። ቆዳው ቢጠፋ ድንጋዩ አይጠፋም። ስለዚህ በጥንት መንደር ፍርስራሽ ውስጥ የሚገኘው ያለቀ መፋቂያ በዚያ ስፍራ ቆዳ ይሠራ እንደ ነበር ይመሰክራል። የምስክርነቱን ወሰን ግን መዘንጋት አይገባም፤ ድንጋዩ ቆዳው መፋቁን ይናገራል እንጂ አልጋ ወይም ለምድ ወይም የውኃ ዕቃ መሆኑን አይናገርም። ይህን የሚናገሩት ስሙ፥ መንገዱና ሠሪው ናቸው።

ዛሬ የእርኮትን ስፍራ የያዘው ጀሪካን ነው። የዚህ ዕቃ አመጣጥ ራሱ የመንገድና የጦርነት ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ጦር ለነዳጅ የሠራው 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነበር፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማርከው ስሙን ካወጡለት በኋላ በዓለም ተሰራጨ። ኋላ በፕላስቲክ ተሠርቶ በየገበያው ሲረክስ፥ በደጋው እንስራን፥ በቆላው የፍየል ቆዳን በአንድ ጊዜ ገፋ። ደገኛዋ ሴት ከከባድ ሸክላ ዐረፈች፤ ግመለኛውም ቆዳ ከመስፋትና ስብ ከመቀባት ዳነ። ይህን ጥቅም መካድ አይቻልም። ከዚሁ ጋራ ግን ደጋንና ቆላን የሚለየው የዕቃ ድንበር ጠፋ፤ ከእንግዲህ ወዲያ የሚመጣ የታሪክ ተመራማሪ በሁለቱም ስፍራ የሚያገኘው አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ስባሪ ይሆናል።

ስለዚህ ለዚህ ጥናት የቀረው ጊዜ በሕያዋን ሰዎች ዕድሜ የሚለካ ነው። እንስራ ዛሬ ባይጠና ነገም ገሉ ይገኛል፤ እርኮት ግን ሠሪው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። በልጅነታቸው ቆዳ ሲገፉና ሲያለፉ የነበሩት ሴቶችና ወንዶች አሁን ሸምግለዋል። በየአውራጃው ስሙ ምን እንደ ሆነ፥ ከምን እንስሳ እንደሚሠራ፥ በምን ቅርፊት እንደሚለፋ፥ ስፌቱ ነጠላ ወይም ድርብ መሆኑ፥ ማን እንደሚሠራውና ማን እንደሚሸከመው ተጠይቆ ሊጻፍ ይገባል። መጠኑም እንደ ብሩስ በግምት ሳይሆን በመስፈሪያ ይለካ፤ ሞልቶ የተነሣ ቆዳ የአንድ ቀን መንገድ ሲሄድ በላብ የሚጐድለው ውኃም ይመዘን። ይህ የመጨረሻው ልክ በታወቀ ጊዜ፥ አንድ የጨው ነጋዴ ወይም አንድ የጦር ጓዝ በጥንት ዘመን ከውኃ ወደ ውኃ ስንት ቀን ሊጓዝ ይችል እንደ ነበር በሒሳብ ማስላት ይቻላል፤ የመንገዶቻችን ካርታም በዚሁ መሠረት እንደገና ሊመረመር ይችላል።